የዕቃ በሩ ቀይ ዘይት

የዚያን ቀን ቴፒ አውሮፕላን ማረፊያ የነበርነው አብራሪው፣ ከአዲስ አበባ አብሮት የሚመጣው ቴክኒሻን፣ ጥበቃው፣ ዕቃ ጫኙና እኔ ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው በኋላ አደጋውን አየን የሚሉ ስለበዙ ነው።

እኔ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። አውሮፕላኑ ባረፈ ቁጥር የዕቃ ክፍሉን አጸዳለሁ። በሩ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። መንጠቆው ሲለቀቅ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ጎኑ ላይ ዘይት የሞላበት ቱቦ አለው፤ ዳምፐር ይሉታል። ከቱቦው ሥር ቀይ ዘይት ማየት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ዕቃ እንዳያበላሽ እጠርገዋለሁ፤ በሚቀጥለው በረራ ደግሞ አለ። ልጆቼን በር ሥር እጅ አታስገቡ እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፣ ነገሩ አላማረኝም። ጨርቁን ለቴክኒሻኑ አሳየሁት።

«እትዬ፣ ቀይ ሥር ከትፈሽበት ነው?» አለኝ። ጥበቃው ሳቀ። ቱቦው ትንሽ አልቦት ነው፣ ዝም ብለሽ ጥረጊው አለኝ። ጠረግሁ። በሳምንቱም አሳየሁት፤ አሁንም ጥረጊ አለኝ።

ጫኙ የጌጫ ሰው ነው። መንጠቆውን ከለቀቀ በኋላ በሩ እስኪወርድ እጁን ሰዶ የመጨረሻውን የኮረሪማ ከረጢት ማስተካከል ልማዱ ነበር። ተው ስለው «እናቴ፣ ይሄ በር ከእኔም የባሰ ሰነፍ ነው» ይለኛል።

የዚያን ቀን በሩ አልዘገየም። የእጁ አንጓ ላይ ወደቀ። በነጠላዬ ጠቀለልኩለት፤ በዚያው አውሮፕላን ወሰዱት።

ከቀናት በኋላ ሌላ ቴክኒሻን ዳምፐሩን ሊቀይር መጣ። በሩን በብረት ደግፎ፣ ሁለት ፒን አውጥቶ አሮጌውን ነቀለና ሰጠኝ። ከቱቦው የሚወጣውን ዘንግ ስገፋው ዝም ብሎ ገባ። አዲሱ ግን እጄን ታገለኝ። ውስጡ እንደ ሐኪም መርፌ ነው፣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያልፍ ነው በሩ የሚዘገየው፣ ዘይቱ ካለቀ የሚይዘው የለም አለኝ። ተጠርጎ ተመልሶ የሚመጣ ዘይት ካለ ቱቦው ይቀየራል፤ ደግሞም በሩን እየለቀቁ አወራረዱን ማየት ነው። ለዚህ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ጫኙን አንድ ደቂቃ ነው የነፈጉት።

ከዚያ የአደጋው ወረቀት መጣ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ፍሳሹ ያልታየው ጽዳት ሠራተኛዋ ምልክቱን ስላጠፋች ነው» ይላል። ጥረጊ ያለኝ ሰው ራሱ ፈርሞበታል። የሳቀውም ጥበቃ ጨርቅ የሚባል ነገር አላየሁም አለ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። በራሴም እናደዳለሁ፤ ጨርቁን ይዤ በቀጥታ ወደ አብራሪው መሄድ ነበረብኝ።

ጫኙ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባ ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ጌጫ ገበያ ድረስ ሄጄ ብጠይቅ ቤተሰቡ አካባቢውን ለቋል አሉኝ። ቴፒ ዕቃ ይጭን የነበረ፣ ቀኝ እጁን በር የመታው የጌጫ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ እጁ ድኖ እንደሆነ ንገሩኝ።