የመከላከያ ዘር

ሙሉሐረግ ድሮ አዋሽ አርባ፣ የወታደሮች ክበብ ውስጥ ወጥ ትሠራ ነበር። አዋሽ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ከመኪና መቆሚያው ጎን የራሷ ቁርስ ቤት አላት፤ ፉሏ አይታማም። ባሏ ደግነት የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ቤቱ እንደ እንግዳ ነው የሚመጣው።

ልጃቸው ኤፊ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ አይናገርም። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። የቆመ መኪና ካገኘ ጎማው ሥር ቁጭ ብሎ ብሎኖቹን ሲዳስስ ይውላል። "ጠበል ውሰጂው" ያሏት አሉ፤ ጎረቤቷ ሐጂራም ቁርኣን አስቀርታለታለች። ሙሉሐረግ ማንንም እምቢ አላለችም። ሰመራ የልጆች ሐኪም መጥታለች ሲባልም ልጁን ይዛ ሄደች። የባሏ እህት ሠርካዲስ "ብቻሽንማ አትሄጂም" ብላ ተከተለቻት።

ሐኪሟ ልጁን ሳትቸኩል አይታ ኦቲዝም ነው አለች። ሙሉሐረግ "ምን በድዬ ነው?" ስትላት፣ ምንም እንዳልበደለች ነገረቻት። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ ተመራማሪዎች ከሚጠረጥሯቸው ነገሮች መካከል የሰውነትን የበሽታ መከላከያ የሚመሩ ዘረመሎች ይገኙበታል፤ እሱም ገና አልተረጋገጠም። በደንብ ነው ያስረዳቻት። ሠርካዲስ ግን በር ላይ ስልክ እያወራች ስለነበር፣ ጆሮዋ የገባው "መከላከያ" እና "ዘር" ብቻ ነው።

ሠርካዲስ ደግሞ ነገር አታሳድርም። እዚያው ወንድሟ ጋ ደወለች።

"ደግዬ፣ ቁጭ ብለህ ስማኝ። ልጁ የመከላከያ ዘር ነው ተባለ። ያለችው ሐኪሟ ናት፣ እኔ የለሁበትም!"

ደግነት ይህን የሰማው ከጅቡቲ ሲመለስ ገዋኔ ላይ ነው። አዋሽ ሲደርስ ቤቱ አልገባም፤ መኪናው ውስጥ ከረመ። ሙሉሐረግ ቁርስ ብትልክለት ሳይነካ መለሰው። ምን እንደሆነ የነገረቻት ሐጂራ ናት።

"ያ አላህ፣ ሙሉዬ! ልጁን የወታደር ነው እያሉሽ ነው እኮ።"

ሙሉሐረግ ቁርስ ቤቷን ዘጋች። ልጇን ይዛ መኪናው ድረስ ሄደች።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ተነሥ፣ ሰመራ እንሂድ። እህትህም ትምጣ።"

ሐኪሟ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም፤ ሲገባት ሳቋን ዋጠች። መከላከያ ያለችው ጠብመንጃ የሚይዘውን እንዳልሆነ፣ በሁላችንም ሰውነት ውስጥ ሆኖ በሽታን የሚታገለውን እንደሆነ አስረዳች። ደግነት አቀረቀረ። ከዚያ ሐኪሟ እንደ ሥራዋ ጠየቀች፦

"በቤተሰባችሁ ዘግይቶ አፉን የፈታ ሰው አለ?"

ሠርካዲስ ማን ይቀድመኛል ብላ መለሰች፦ "ወንድሜ ራሱ ነዋ! ስድስት ዓመቱ ድረስ አፉን አልፈታም። እማዬ ስንት ቦታ ተንከራትታበታለች! ጋሪ ጎማ ሥር አይደል እንዴ ሲውል የነበረው..." አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሐኪሟ ይህ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ተናገረች። የሰማት ያለ አይመስለኝም። ኤፊ ወለሉ ላይ ሆኖ የወንበሯን ጎማ ያሽከረክራል።

"የማን ልጅ እንደሆነ ስትጠያየቁ ከረማችሁ" አለች ሙሉሐረግ። "ልጄ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።"

ደግነት ከወንበሩ ወርዶ ልጁ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "ኤፊ" አለው። ልጁ አልዞረም። ደግሞ ጠራው።