ባንክ ያስቀጠርኩት አጎቴ

ልጄ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጥታለች። ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ ጉልበት አጥቼ ቁጭ ባልኩበት ገለጥኩት። የአዲስ ላስቲክ ሽፋን ሽታ አለው። አንዱ ገጽ ላይ እንግሊዞች የተሳካለት ሰው የደረሰበትን ቦታ በምን በምን እንደሚጠሩት ተጽፏል፤ የመሰላሉ ጫፍ፣ የዛፉ ራስ፣ የተራራው አናት። ይህን ዝርዝር አውቀዋለሁ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ጽፌዋለሁ፤ በእሱ ሰበብ ነው አባቴን ያስቀየምኩት።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነበሩ፤ ኢየሩሳሌም ዳር፣ ጊሎ የሚባል ሰፈር መኖር ከጀመርን አራተኛ ዓመታችን። አባቴ ጎንደር ሳሉ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሲናገሩ አገር ጸጥ ብሎ የሚሰማቸው ሰው ነበሩ። ኢየሩሳሌም ላይ ግን የኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና አካባቢ የአሮጌ ሕንፃዎችን ደረጃ ያጥቡ ነበር። ትምህርት ቤቴ ለሥራቸው ቅርብ ስለነበር ጧት በአንድ አውቶቡስ እንሄዳለን። ስንለያይ ጉንጬን ሲይዙኝ እጃቸው በረኪና በረኪና ይሸታል፤ እኔም ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ቶሎ እላቀቃለሁ። ክሊኒክም ሆነ የሥራ ቢሮ ሲሄዱ ግን ያለ እኔ አይሆንላቸውም። ዕብራይስጡን አያውቁትምና አፋቸው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ያን ዝርዝር አስጻፈችንና፣ ከቤተሰባችሁ የመሰላሉ ጫፍ ላይ ስለደረሰ ሰው ጽፋችሁ ኑ አለች። አባቴ ከሥራ መጥተው እግራቸውን ለብ ያለ የጨው ውኃ ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ከዘመዶቻችን ትልቅ ቦታ የደረሰ ማን ነው?»

«ትልቅ ቦታ ስትይ?»

«ሰው ሁሉ የሚመኘው፣ ከዚያ በላይ የሌለ ቦታ።»

ሳቁብኝ። «ምን ነካሽ ልጄ? የት ያለሽ መሰለሽ? አባቴ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ሲጸልይ ኖሮ ሳያያት ሞተ። ወንድሜ በእግሩ ተነሥቶ ሱዳን በረሃ ላይ ቀረ። እኔ ደረስኩ። በይ እኔን ጻፊኛ!»

እኔን ጻፊኝ አሉኝ። ግልጽ ነበር። እኔ ግን መጥረጊያ የያዘ ሰው የመሰላሉ ጫፍ ላይ ነው ብዬ ባነብ ክፍሉ በሳቅ የሚፈርስ መሰለኝ። ስለዚህ አጎቴን ከበረሃ አነሣሁት። ሙሉ ልብስ አለበስኩት፣ ክራባት አሰርኩለት፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አደረግኩት። የሞተ ሰው መጥቶ አያጋልጠኝም ብዬ ነው። አያችሁ፣ ልጅነት እንዲህ ጨካኝ ነው።

የፈራሁት ሳይሆን ያላሰብኩት መጣ። አስተማሪዋ ጽሑፌን ወደደችውና በወላጆች በዓል ላይ አንብቢ አለችኝ። ለአባቴ «በእንግሊዝኛ ላነብ ነው» ብቻ አልኳቸው። ከሥራ አስፈቅደው፣ በዓመት አንዴ ለስግድ፣ ለእኛ ለቤተ እስራኤሎች በዓል፣ አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ስንወጣ ብቻ የሚለብሱትን ነጭ ኩታ ለብሰው መጡ። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ኩታው ላይ አርፎ ነበር። ሳነብ ከአፌ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። አንዲት ቃል የገባቸው አልመሰለኝም። ሰው ሲያጨበጭብ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

አስተማሪዋ ፈገግ እያለች ወደ እኛ መጣችና በዕብራይስጥ፣ «በወንድምህ ምንኛ ኮርተህ ይሆን! ባንክ ማስተዳደር ቀላል አይደለም» አለቻቸው። ከዚያ እንድተረጉም ወደ እኔ ዞረች።

«በልጅዎ ይኩሩ ነው የምትለው፣ አባ» አልኩ።

አባቴ እሷን ሳይሆን እኔን አዩ። «እግዜር ይስጥልኝ በያት» አሉ። አልኳት።

በኢትዮጵያ መንገድ ስንወርድ ዝናብ አካፍቶ ነበር። ግራና ቀኙ ረጅም የድንጋይ ግንብ ነው፤ እርጥብ ድንጋይና የጥድ ቅጠል ይሸታል። መንገዱ ላይ ካለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደወል ይሰማል። አባቴ ኩታቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘውታል። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ደረስን።

«ደረጃ ሳጥብ ሰው በአጠገቤ እያወራ ያልፋል» አሉ። «አራት ዓመት ሙሉ እሰማለሁ። ወንድም የሚለውን አውቃለሁ። ባንክ ደግሞ በሁሉም አገር ባንክ ነው።»

የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ አልኩ።

«ወንድሜን በዚህ እጄ ነው አፈር ያለበስኩት። እኔን ብትጽፊኝ ምን ነበረበት?»

አውቶቡሱ መጣ። ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ወንበር ነበረ፤ እሳቸው ግን አልፈው ከሾፌሩ ኋላ ብቻቸውን ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ለትርጉም ጠርተውኝ አያውቁም። «አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ» ይሉኝና የጎረቤት ልጅ ይዘው ይሄዳሉ፤ ኋላ ኋላ ብቻቸውን መሄድ ጀመሩ። ወረቀታቸውን በኪሳቸው ይዘው የቢሮ መስኮት ፊት ቆመው ሲንተባተቡ አንድ ሁለቴ አይቻቸው አንጀቴን በልተውታል። ይቅርታ ልበላቸው እያልኩ ዛሬ ነገ ስል፣ የግዴታ ወታደርነቱ መጣ፣ ትዳሩ መጣ፣ ሥራው መጣ። ሰው እንዴት ለአንዲት ቃል ጊዜ ያጣል ትሉኝ ይሆናል። ያጣል።

ሁለት ሺህዎቹ ውስጥ ታመው ሆስፒታል ተኙ። እኔ ያኔ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ ከአልጋ የማይነሡ ሰዎችን ማጠብና ማጉረስ ጀምሬ ነበር። ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ጤና ላይ ነው የምሠራው» ብዬ አልፋለሁ። እስካሁንም እንደዚያው ነኝ። አንድ ቀን ወጣት ሐኪም መጥቶ የቱ ጋ እንደሚያማቸው በዕብራይስጥ ጠየቃቸው። ከልማዴ አፌን ስከፍት አባቴ ቀስ ብለው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ራሳቸው መለሱ፤ አንድ ቃል፣ ትንፋሽ፣ አንድ ቃል። ሐኪሙ ታግሦ ሰማቸውና ወደ እኔ አየት አድርጎ ማን እንደሆንኩ ጠየቃቸው።

«ልጄ ናት» አሉት። «መነሣት ያቃታቸውን ሽማግሌዎች ታጥባለች። ሥራዋ እሱ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሕመምተኞች፣ ጠያቂዎቻቸውም ነበሩ። አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም።