ጋሽ ሙሉጌታ ፉጃይራን ሲያስጎበኙን

ጋሽ ሙሉጌታ ባለፈው ሳምንት በዚህ በካዚኖ ከተማችን፣ ዊንቸስተር በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ በተኙበት አርፈዋል። ልባቸው ከክረምቱ ጀምሮ ይበልጥ ደክሞ ነበር። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ ስጽፍ ብዕሬ ቢከብደኝም፣ እሳቸውን እያሰቡ ፊት አጨፍግጎ መቀመጥ አይቻልም። ቢያዩን ይቆጡን ነበር።

የተዋወቅነው ቱሪስቶችን ከሆቴል ከከተማው ውጭ በረሃው ውስጥ ወዳሉት ግድብና ቀያይ ድንጋዮች በሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ነው። ሁለታችንም የአውቶቡስ ሾፌሮች ነበርን። አብረን ስንመደብ እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ያስጎበኛሉ። በረሃው የሚታይ ነገር ሲያጣ ስለ ፉጃይራ ይጀምራሉ። ዲቪ ደርሷቸው ከመምጣታቸው በፊት ብዙ ዓመት በዚያች ትንሽ የዓረብ የባሕር ዳርቻ ግዛት እንግዶችን በመኪና ሲያዞሩ ኖረዋል። ባለቤቴ የወለደች ሰሞን ሳልጠይቃቸው ሺፍቴን ሁሉ ሸፈኑልኝ። ላመሰግናቸው ስሄድ «ታደሰ፣ ምስጋናውን ለማታውቀው ሰው አስቀምጠው» ብለው አባረሩኝ። ሾርባ ግን አስይዘው ነው ያባረሩኝ።

አንድ ነገር ያንገበግባቸው ነበር። አንድያ ልጃቸው ማህሌት የተወለደችው ፉጃይራ ነው። ነፍስ በቅጡ ሳታውቅ ወጥተው እዚህ አደገች፤ አሁን የባለጸጎች ሰፈር በሆነው ሰመርሊን ትኖራለች፣ ጥሩ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የት ተወለድሽ ሲሏት «ረጅም ታሪክ ነው» ብላ ታልፋለች። ጋሽ ሙሉጌታ ይህን በሰሙ ቁጥር ወሬ ይለውጣሉ። አንድ ቀን ብቻ ለእኔ «የተወለደችበትን ቦታ ካፈረችበት፣ እኔ ያን ሁሉ ዓመት የት ነበርኩ ልበል?» አሉኝ። ወስደው ሊያሳዩአት ቆርጠው ለ2020 ጸደይ ትኬት ገዙ። ወረርሽኙ መጣና በረራው ቀረ፤ ከተማው ተዘጋ፤ እኛም ከሥራ ተቀነስን።

እሳቸው እንደሆኑ እጅ አይሰጡም። «እኛ ፉጃይራ ካልሄድን ፉጃይራ ትምጣ» አሉ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ወንበሮችን እንደ አውቶቡስ በረድፍ አራርቀው ይደረድሩ ጀመር። ማስክ ያላደረገ አይሳፈርም። እኛ ሥራ ፈት ጎረቤቶች እንሳፈራለን፤ እሳቸው ከፊት ቆመው ይነዱናል። የቆሻሻ ገንዳው ከተምር ዛፎቹ በላይ የቆመ የጭቃ ምሽግ ሆነ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ደግሞ አራት ጉልላቱን በአንድ ምሰሶ የተሸከመው ጥንታዊ ትንሽ መስጊድ ነበር፤ እዚያ ስንደርስ ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ ያዝዙናል። በባሕሩ ዳር ስናልፍ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን በመኪና ሲጎትቱ ያሳዩናል። የፊተኛው ወንበር የማህሌት ነው። እሷ ግን መኪናዋን ተደግፋ ስልኳን እያየች ትቆማለች። የምትመጣው አባቷን ላለማስቀየም እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

አንድ እሑድ ወደ ኮርማዎቹ ደረስን። ዓርብ ዓርብ አመሻሹ ላይ የፉጃይራ ሰው ከባሕሩ አጠገብ ተሰብስቦ ኮርማዎች ሲገፋፉ ያያል። ሰይፍ የለ፣ ደም የለ፤ ወደኋላ የተገፋው ወይም የሸሸው ይሸነፋል፣ የአሸናፊው ባለቤት ኮርቶ ይመለሳል። ጎረቤታችን ቢኒያም፣ የካዚኖ ወጥ ቤት የሚሠራው፣ ይህስ የፈጠራ ወሬ ነው ብሎ ሳቀ። ጋሽ ሙሉጌታ ተነሥ አሉት። እኔንም በቁመናዬ መርጠው አስነሡኝ። ኮርማዎች ሁለት ሜትር ተራርቀው መገፋፋት ስለማይችሉ፣ ሰው የጣለውን ፍራሽ በመካከላችን አቆሙና በዚህ ወገን እኔ፣ በዚያ ወገን ቢኒያም መግፋት ጀመርን። ወገባችን ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ አስረዋል፤ የእኔን እሳቸው ያዙ፣ የእሱን ሚስቱ ያዘች። ማስኬ ዓይኔ ላይ ወጥቶ ምንም አላይም። ቢኒያም ድንገት ፍራሹን ለቆ ሲሸሽ ገመዱ ከሚስቱ እጅ አመለጠ፣ እኔም ከነፍራሹ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ።

ማህሌት ግን አልሳቀችም። ስልኳን ኪሷ ከትታ ወደ መሃል መጣች።

«ዌይት፣ አባዬ። ገመዱ ከሰውዬው እጅ ወጣ። ኮርማው ወደ እኛ መጣ። አንተ እኔን በመስኮት መኪና ውስጥ ወረወርከኝ። ራይት?»

ጋሽ ሙሉጌታ ገመዱን እንደያዙ ቆሙ። እዚያ በልጅነቷ የሆነውን ይህን ነገር ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር፤ እናቷ እንዳትቆጣቸው ደብቀውት ነው የኖሩት። «ጫማሽ ውጭ ቀረ» አሏት ቀስ ብለው። «ቀይ ነበር» አለች። ያን ጊዜ አለቀሱ። እኔም መሬት ላይ እንደተኛሁ አለቀስኩ፤ ግማሹ እንባ የጉልበቴ ሕመም ነው።

ከዚያ ወዲያ ማህሌት ከፊተኛው ወንበር ጠፍታ አታውቅም። ትጠይቃለች፣ ያስረዷታል፣ ትከራከራቸዋለች። በ2021 ወደ ሥራ ስንጠራ እሳቸው መሪ ለመያዝ አቅም አልነበራቸውም። ጉዞውን በመጪው ዓመት እናደርገዋለን ይሉ ነበር፤ አልሆነም።

ጋሽ ሙሉጌታ፣ ከቀብርዎ መልስ የሆነውን ልንገርዎ። ልጅዎ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት እናት ማህሌትን እያባበሉ የት ተወለድሽ ልጄ ብለው ጠየቋት። «ረጅም ታሪክ ነው» ልትል ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እንባዋን ጠረገችና «ፉጃይራ» አለች። የት ነው አሏት። ወንበሯን አስጠግታ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ጀመረች። ምሽጉን ባሕሩ ዳር አወረደችው፣ የመስጊዱን ጉልላት አበዛችው። ቢኒያም ሊያርማት አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት። ሴትዮዋ ራት እስኪቀርብ አልተነሡም። በሰላም ይረፉ፣ ጋሽዬ፤ ልጅዎ አገሯን ታውቃለች።