የጓሮው በረዶ

በዚያ የብርድ ወራት ድካሜ በእንቅልፍ የሚወጣ አልነበረም። ተኝቼ ስነሳም ያው ነኝ። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ሰው ሳነሳ፣ ሳጥብ፣ ሳለብስ እውልና ወደ ሰፈሬ ወደ ዊልስደን የሚያደርሰኝ አውቶቡስ ላይ ቆሜ አንቀላፋለሁ። ቤት ስገባ እናቴና ልጄ አሉ። እናቴ ሳታቋርጥ ታወራኛለች፤ ልጄ ጨርሶ አታወራኝም። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያደክም ያልደረሰበት አያውቀውም።

ልጄ ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እሑድ ጠዋት በረዶ ላይ መንሸራተት ትማር ነበር፤ ቦታው ሩቅ ስለሆነ የማደርሳት እኔ ነኝ። ሥራ ቦታ ሰው ጠፋና የእሑዱን ሺፍት እኔ ላይ ጣሉት፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ትምህርቱ ቀረ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ያንን ከሥሩ ስለት ያለውን ጫማዋን አልጋዋ ሥር ከታ፣ ምንም ብጠይቃት "ፋይን" ትለኝ ጀመር። ቃሉ ደህና ነው ቢልም ተይኝ ማለት እንደሆነ ለንደን ውስጥ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።

እንዲህ እያለን ከባድ ብርድ እየመጣ ነው ተባለ። ለንደን እንደሚወራባት አይደለችም፤ የሚያማርረው ዝናቧ ነው እንጂ ውሃ የሚያረጋ ብርድ በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ያን ሳምንት ግን ሳይለቅ ይሰነብታል አሉ። ራት ላይ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ፤ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመጪ እዚሁ ጓሯችን ውስጥ ትንሸራተቻለሽ አልኳት። ቀና አለች። ከስንት ሳምንት በኋላ ዓይኗን አየሁት።

"ፕሮሚስ ታደርጊያለሽ?"

"አደርጋለሁ" አልኳት።

ጓሮውን በደንብ ያየሁት ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ ነው። አራት አልጋ ቢዘረጋበት ይሞላል፤ በዚያ ላይ ያዘነበለ ነው። ጎረቤቴ አጥሩን ሲያድስ የጣለውን ጣውላ ለምኜ ዙሪያውን አቆምኩ፣ ትልቅ ላስቲክ አነጠፍኩበት፣ ከኩሽናው ቧንቧ ጎማ ስቤ ውሃ ለቀቅኩበት። ውሃው እንዳለ ወደ አጥሩ ሄዶ ተኛ፤ በእኛ በኩል ላስቲኩ ደርቆ ቀረ። ቀድቼ ደፋሁት፣ በዝቅተኛው በኩል አፈር ደለደልኩ፣ እንደገና አነጠፍኩ። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ሰውዬ ውሃውን ባንዴ አትሙሉት፣ በስሱ አፍስሱና ሲረጋ ሌላ ደርቡበት ይላል። ሰውዬው ሥራ ያለው አይመስለኝም። እኔ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ስገባ እደርባለሁ። አንድ ቀን ጣቶቼ ደንዝዘው የኮቴን ዚፕ መክፈት አቃተኝ፤ ልጄ መጥታ ከፈተችልኝ።

እናቴ ስለ ነገሩ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ፤ ለልጅቷ መጫወቻ ነው ብዬ አለፍኳት። ቁጭ ብሎ ለማስረዳት አቅሙ አልነበረኝም። እናቴ ከአገር ቤት በመጣች በመጀመሪያው ዓመት የውጪው ደረጃ ላይ በረዶ አዳልጧት እጇ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ በሩ ጋ በረዶ የሚያቀልጥ ጨው በከረጢት አስቀምጬ፣ በረዶ ካየሽ ሳትበትኚበት እንዳትረግጪ እያልኩ ስንት ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ። ከቤቱ ሰው ያልኩትን የምትሰማኝ እሷ ብቻ ነች።

ዓርብ ጠዋት በረዶው እንደ መስተዋት ሆኖ አደረ። በተረከዜ መታ መታ አደረግሁት፣ አልተሰነጠቀም። ሥራ ቦታ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። አለቃዬን ለምኜ ቀደም ብዬ ወጣሁና ከልጄ ጋር በር ላይ ተገጣጠምን። ፎቅ ሮጣ ወጥታ ጫማዋን ይዛ ወረደች፤ የጓሮውን በር ከፈትኩላት።

መስተዋቱ የለም። ላዩ በሙሉ ቀልጦ ግራጫ ብስባሽ ሆኗል፣ በየቦታው የጨው ጠጠር ተነስንሶበታል። ባዶው ከረጢት ጣውላው ላይ ተጋድሟል። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ከኋላችን መጣች፤ ፊቷ በደስታ በርቷል።

"ልጅቷ ትጫወትበታለች አላልሽኝም? ሄጄ ባየው ድንጋይ ሆኗል። እንዳትወድቅብኝ ብዬ ጨዉን በሙሉ በተንኩበት" አለችኝ።

መጮህ አማረኝ። መጮህም ጉልበት ይጠይቃል፤ እሱ አልነበረኝም። ልጄን ዞሬ ማየት ፈራሁ። በቃ፣ ከእንግዲህ ቃሌን አታምነኝም አልኩ በሆዴ።

ልጄ ጫማዋን ቀስ ብላ ከጀርባዋ ደበቀችው።

"እማማ፣ ታንክ ዩ። አሁን አልወድቅም" አለቻት በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ጫማዋን እናቴ በማታይበት በኩል አስቀመጠችና እንደ ለበሰች ገብታ፣ ብስባሹን በእግሯ እየረጨች ትዘል ጀመር። እናቴ እየሳቀች አጨበጨበችላት። ልጄ በአጠገቤ ስታልፍ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እንዳትነግሪያት፣ እሺ?" አለችኝ።

እሺ ብዬ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፤ እናቴ ብርዱ መስሏት ጋቢ ልታመጣልኝ ገባች። ልጄ ውሃ በውሃ ሆና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እሑድ ትሠሪያለሽ?"

"አዎ።"

"እሺ" አለች። ልብስሽን ቀይሪ ልላት ይገባኝ ነበር። ግን በጣም ደክሞኝ ነበርና ጭንቅላቴን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ፤ እሷም ትንሽ ጠጋ አለችልኝ።