ታኬታው ላይ የተቀመጠችው አሰልጣኝ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ግንቧ» በሚለው ቅጽል ስም ነው። ስሙ የወጣላት በሴቶች ቡድን ውስጥ የመሐል ተከላካይ ሆና ስትጫወት ነበር። ኳሱ ቢያልፍ ተጫዋቿ አታልፍም፣ ተጫዋቿ ብታልፍ ኳሱ ይቀራል ይባልላት ነበር። ታዲያ በአፍላ ዕድሜዋ የዋንጫ ጨዋታ ደርሶ ጉልበቷ አብጦ ሳለ የቡድኑ ኃላፊዎች «አንድ የማደንዘዣ መርፌ ነው፣ ምንም አይደል» ብለው ወግተው አሰለፏት። ዋንጫው መጣ፤ ጉልበቷ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መደገፊያ ካልያዘች ደረጃ መውረድ አይሆንላትም። አላለቀሰችም ማለት ውሸት ነው። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ግን ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችና የሰፈሩን ልጆች ማሠልጠን ጀመረች።

የሰፈሩ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክለብ የታዳጊዎቹን ቡድን ሲሰጣት «ደግሞ ሴት ለወንድ ልጅ ኳስ ልታስተምር?» ያሉ ነበሩ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። መልበሻ ቤቷ ከክር መጋዘኑ ጀርባ የተቀጠለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ አግዳሚው ወንበር አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ ተደግፏል፣ ልጆቹ ልብሳቸውን የሚሰቅሉት ምስማር ላይ ነው። በበጋ እንደ ምጣድ ትግላለች፣ ዝናብ ሲመጣ መነጋገር የለም። እዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ደጋግማ ትነግራቸዋለች። «ኳሷን አትዩአት፣ እሷ የትም አትሄድም። ጓደኛችሁ የት እንደደረሰ እዩ።» በዚህ ዓይነት ከእጇ ወጥተው በትልልቅ ክለቦች የተቀጠሩ ልጆች ነበሩ።

ከሁሉም ግን «ፌንጣ» የሚሉት የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ይለያል። ቀጭን ነው፤ ሲነሣ መነሣቱ አይታይም፣ ብቻ ተከላካዩ ዞር ሲል ልጁ የለም። ወሬው ሩቅ ደረሰና አንድ ትልቅ ክለብ ቅዳሜ ተጫዋች የሚመርጡ መልማዮች ልኮ ሊያየው ቀጠሮ ያዘ። ሰፈሩ በደስታ ሰከረ።

በዚያው ሳምንት ልምምድ ላይ ፌንጣ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። የክለቡ ወጌሻ ነገር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበቱን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ግንቧን ወደ ጎን ወሰዷት።

«ልጄ፣ ይሄ ጅማት ነው። አሁን ካረፈ ይድናል። ከሮጠበት ግን እኔም አልጠግነው።»

ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ። ለክለቡ ሥራ አስኪያጅ ግን አላለቀም። ቢሮው ጠራት።

«ሰዎቹ የሚመጡት እሱን ብለው ነው» አላት። «መርፌ ይወጋና ግማሹን ጨዋታ እንኳ ይሩጥ።»

«መርፌዋን እኔ አውቃታለሁ። እስከ ዛሬ ደረጃ ላይ አብራኝ ትወርዳለች።»

«ልጁ ራሱ እጫወታለሁ ብሏል እኮ!»

«ልጅማ እሳትም ልጨብጥ ይላል። እኔ እዚያ የቆምኩት ለምን ሆነና?»

ማታውን የፌንጣ አባት ቤቷ መጣ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ልጁ ከእሱ የተሻለ ሕይወት እንዲኖር ከመመኘት ሌላ ክፋት የለበትም። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ሻይ ቀዱለት። እሱ ግን ብርጭቆውን ሳይነካ «እህቴ፣ ዕድል አንዴ ካለፈ አይመለስም» አላት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

«ያንቺ ልጅ ቢሆን እንዲህ ትያለሽ?»

«የኔ ቢሆንማ ካልጋው ጋር ባሰርኩት ነበር።»

ሰውየው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አማቷ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ሻይህን ጠጣና ሂድ። ይህቺ ሴት አንዴ እምቢ ካለች ጣራው ቢወርድ አትነቃነቅም። እኔ ስንት ዓመት ሞክሬያታለሁ!»

ቅዳሜ ሜዳው ጢም አለ። ግንቧ ፌንጣን ሳታሰልፍ ቡድኑን አስገባች። ከዕረፍት በፊት አንድ ጎል ገባባቸው። ያኔ ሥራ አስኪያጁ መርፌ ወጊ አስከትሎ ወደ ተጠባባቂው ወንበር ወረደና ፌንጣን «ታኬታህን አጥልቅ!» አለው። ልጁ እጁን ታኬታው ወዳለበት ቦርሳ ሰደደ። እሷ ቀደመችው። ቦርሳውን ነጥቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ላዩ ላይ ቁጭ አለችበት።

«ተነሺ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ወይ ፍንክች።

ሕዝቡ ነገሩ ሲገባው ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ጮኸባት። አንዱማ «ዶሮዋ እንቁላል ታቀፈች!» ብሎ ሜዳውን አሳቀው። ፌንጣ እንባው እየወረደ «ኮች፣ በናትሽ፣ አታጥፊኝ» አላት። ይሄኛው ነው የጎዳት፤ የሌላው ስድብ ምንም አልመሰላት። ግን ዓይን ዓይኑን እያየች «ዛሬ ጥላኝ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላህም እየሮጥክ ጥላኝ» አለችው። ሁለት ለባዶ ተሸነፉ። መልማዮቹ ጨዋታው ሳያልቅ ተነሥተው ሄዱ።

መልበሻ ቤት ውስጥ፣ በልጆቹ ፊት፣ ሥራ አስኪያጁ አባረራት። አንገቷን አልደፋችም። ልጆቹን አንድ በአንድ ጨብጣ ወጣች።

ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። ከጋራዡ ጀርባ ጠጠር የፈሰሰበት ባዶ ቦታ ነበርና አለቃውን ለምኖ አስፈቀደላት። አሮጌ ጎማ ደርድራ ልምምድ ጀመረች። መጀመሪያ የመጣው በረኛው ብቻ ነው፤ በረኛና አሰልጣኝ ብቻቸውን ጠጠር ላይ ሲላፉ ያየ መካኒክ ሁሉ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ «እሷ ዘንድ የሄደ እኔ ዘንድ አይመለስም» ብሎ አስወራ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ይባስ ብለው እየተግተለተሉ መጡ።

አንድ ቀን ፌንጣም እያነከሰ መጣ።

«አባትህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ተመለስ። ተደብቆ የሚድን ጉልበት የለም።»

በሚቀጥለው ውድድር ክለቡ በፌንጣ ቦታ የተካውን አጥቂ እግሩን እያመመው መርፌ ወግቶ አሰለፈው። ልጁ ከሜዳ በቃሬዛ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ኳስ አልነካም። የዚያን ሰሞን የፌንጣ አባት የጭነት መኪና ጋራዡ በር ላይ ቆመ። አባት ልጁን አወረደና ፊቷን ሳያይ «ውሰጂው» ብቻ ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ወጌሻው በእረፍት ቀናቸው እየመጡ አሹት። ግንቧ መጀመሪያ አሳረፈችው፣ ቀጥሎ አሸዋ ላይ አራመደችው፣ በመጨረሻ አስሮጠችው። ልጁ ሲቸኩል ትቆጣለች፣ ሲፈራ ትስቅበታለች። ትልቁ ክለብ ዳግም ዞር ብሎ አላየውም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን አንድ መካከለኛ ክለብ ፈትኖ ወሰደው። ስሙ የገነነ ኮከብ አልሆነም። ግን ኳስ ተጫውቶ ይኖራል፣ በሁለት ጤነኛ ጉልበት።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም ከጠጠሩ ላይ እየተመረጡ ሄዱ። ይሄኔ ነው የሥራ አስኪያጁ መኪና ሜዳዋ ድረስ ሰተት ብሎ የገባው። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ያለፈው አለፈ። ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ክለብሽ ተመለሺ» አላት።

«እመለሳለሁ። ብቻ ወጌሻው አይጫወትም ያሉትን ልጅ ማንም እንደማያሰልፍ እዚሁ፣ በልጆቹ ፊት ይናገሩልኝ።»

«ያ እንዴት ይሆናል? ክለብ የሚመራው ሥራ አስኪያጅ ነው።»

ግንቧ ፊሽካዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እንግዲያው መኪናዎን ያንሡልን፤ የቆሙት የፍጹም ቅጣት ምት ክልላችን ውስጥ ነው።»