የኋላ ማርሽ

ጋሼን መጠርጠር የጀመርኩት በመኪና ምክንያት ነው።

አዳማ ውስጥ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ አንድ አይሱዙ ያድራል። የሚነዳው የአከራያችን የእትዬ ልጅ ነው፤ እህል ከአርሲ ነገሌ እየጫነ አዳማ ያራግፋል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ መኪናው ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ሞተሩ ሲነሳ በሩ አጠገብ ካለችው ክፍል እንደኔው ተከራይ የሆኑት ጋሼ ይወጣሉ። ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ፣ አንዳንዴም ሳሙናው ከፊታቸው ሳይታጠብ፣ ከብረቱ በር አልፈው መንገዱን ግራና ቀኝ ያያሉ። ከዚያ ከመኪናው ኋላ ይቆሙና እጃቸውን እያወዛወዙ «ና፣ ና፣ ቁረጥ፣ መልስ» ይላሉ። እርግጥ እኛ አገር መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ና፣ ና» ማለቱ የተለመደ ነው። ማንም አይጠራህም፣ ማንም አያመሰግንህም። የጋሼ ግን በዛብኝ። አንድም ቀን አያመልጣቸውም። ባጃጅ እንኳ ልትዞር ስትል ብድግ ይላሉ።

ሰው ለመኪና ብሎ ሳሙና ተቀብቶ ደጅ አይወጣም አልኩ። እኚህ ሰውዬ ማን እንደወጣና ማን እንደገባ የሚይዙ ናቸው።

ዕድሜያቸው ሰባ ቢጠጋ ነው። ድሮ ምን ይሠሩ እንደነበር ስጠይቃቸው «የመንግሥት ሥራ» አሉኝና ዝም አሉ። የመንግሥት ሥራ ብሎ ዝም የሚል ሰው ደስ አይለኝም። አስተማሪ የነበረ ሰው አስተማሪ ነበርኩ ይላል፤ ጤና ረዳት የነበረም እንደዚያው። ሳይነገር የሚቀረው ሥራ የትኛው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እውነቱን ለመናገር ግን የሚያስጠረጥር ነገር የነበረው እኔ ክፍል ውስጥ ነው።

የምሠራው የውኃ ፓምፕና የትራክተር መለዋወጫ መሸጫ ውስጥ ነው። በዕረፍት ቀኔ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ካለ፣ በአሮጌ ኮምፒውተሬ የጦርነት ጌም እጫወታለሁ። ጠመንጃ ይዘህ የምትሮጥበት ዓይነት አይደለም። ከላይ ሆነህ እግረኛና ታንክ የምታዝበት ነው። ጥይት ያልቃል፣ ነዳጅ ያልቃል፣ የፈራ ወታደር መሬት ላይ ተጣብቆ አልነሳም ይልሃል። መጀመሪያ ሰሞን አምስት ታንክ ደርድሬ በሜዳው መሃል ለቀቅኳቸው። ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ አንድ ፀረ ታንክ መድፍ ከየት እንደሚተኩስ እንኳ ሳላውቅ አምስቱንም ለቀማቸው። በጣም ተናድጄ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ምሳዬን በልቼ መልሼ ከፈትኩት።

ቀስ እያልኩ ተማርኩ። ታንክ ብዙ አያይም፤ የሚያይለት እግረኛው ነው። ስለዚህ እግረኛው ቀድሞ ቁጥቋጦውን ይፈትሻል፣ ታንኩ ከኋላ ሆኖ ይሸፍነዋል። ታንክ ኮረብታ ጫፍ ላይ አይቆምም፤ ከጀርባው ተደብቆ አናቱን ብቻ ብቅ ያደርጋል። ወፍራሙ ብረት ፊቱ ላይ ስለሆነ ጎኑን ለጠላት አይሰጥም። ሲመታም ዞሮ አይሸሽም፤ ጭስ ይለቅና ፊቱን ወደ ጠላት እንዳደረገ በኋላ ማርሽ ይወጣል። ይቺን የመጨረሻዋን እስክለምድ ብዙ ታንክ ተቃጥሎብኛል።

ነገሩ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ተከተለኝ። ለሥራ ወደ ደራ ወይም ወደ ወለንጪቲ በሚኒባስ ስሄድ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ኮረብታ እመርጥ ጀመር። እዚህ ጋ መድፍ፣ እዚያ ግራሩ ሥር እግረኛ፣ ከጉብታው ጀርባ ሁለት ታንክ። ቤት ስገባ ባለ ካሬ ደብተር ላይ እስለዋለሁ። ታንኩ አራት ማዕዘን፣ እግረኛው ነጥብ፣ አካሄዳቸው በቀስት። ጊዜው ደግሞ እንዲህ ያለ ደብተር ይዘው የሚኖሩበት አልነበረም። መንገድ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳ ይበረበራል፣ ሰው ስልኩን ሳይቀር አጽድቶ ነው የሚሳፈረው። እኔም ደብተሩን ፍራሼ ሥር ደብቄ፣ መስኮቴን በጋዜጣ ሸፍኜ፣ በቀዳዳው ጋሼን እጠብቃለሁ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ትኋን አስቸግሮኝ ፍራሼን ፀሐይ ላይ ላሰጣ አወጣሁት። ደብተሩን ረስቼዋለሁ። ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ዞር ስል ጋሼ ቧንቧው አጠገብ ቆመው ደብተሬን ገልጠው ያያሉ። ፍራሹን ሳወጣ ወድቆብኝ ነው ያነሱት።

«ይቺ የወለንጪቲ መንገድ አይደለችም?» አሉኝ።

«ነች፣ ጋሼ።»

ጣታቸውን አንዱ አራት ማዕዘን ላይ አሳረፉ። «ታንክ እዚህ ምን ይሠራል?»

ደብተሩ ላይ ታንክ የሚል ቃል የትም አልጻፍኩም። «ጌም ነው» አልኩ፤ «የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፣ ጋሼ።»

«እህ» አሉና ዘግተው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ክፍላቸው ገቡ። እኔም ክፍሌ ገብቼ ደብተሩን ገጽ በገጽ ከሰል ምድጃ ላይ አቃጠልኩት።

ማቃጠሉ አላረጋጋኝም። ሰውዬው አይተዋል፣ ነገ ለሆነ ሰው ይነግራሉ፣ እኔም እየተጎተትኩ ካሬና ነጥቡን ሳስረዳ ታየኝ። ጌሙ ካስተማረኝ አንዱ ነገር፣ ጠላት ሳይተኩስ ቀድሞ ጎኑን ማግኘት ነው። ጋሼን ፊት ለፊት አልገጠምኳቸውም። በእትዬ በኩል ዞርኩ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በር ላይ አግኝቻቸው፣ «እትዬ፣ ጋሼን ይጠንቀቋቸው። መኪና በወጣ ቁጥር ለምን እንደሚቆሙ አስበው ያውቃሉ? ማን ወጣ ማን ገባ የሚሉ ይመስለኛል» አልኳቸው።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ማል ጎና?» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ምን እናድርግ እንደማለት። ሌላ አልጨመሩም።

መጨመርም አላስፈለገም። በሳምንቱ ጋሼ ወደ ቧንቧው ሲመጡ ወሬው ይቆም ጀመር። የእትዬ ልጅ ጠዋት «እንደምን አደሩ» ማለቱን ተወ። እሳቸው ግን «ና፣ ና» ማለታቸውን አልተዉም፤ እሱ መስኮቱን ዘግቶ ይነዳል፣ እሳቸው ከኋላ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እኔ በጋዜጣዬ ቀዳዳ እያየሁ፣ አላፍርም፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት ስጫወት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው።

«ያን ጨዋታህን አሳየኝ» አሉ።

ፍተሻ ነው ብዬ ደመደምኩ። አይሆንም ብል ደግሞ የባሰ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ጀመርኩ። ሦስት ታንክ፣ ሃያ ያህል እግረኛ፣ ፊት ለፊት መንደር። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ጎኑን ሰጠኸው» አሉኝ። አፋቸውን ሳይዘጉ ታንኬ ተመታ። ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። ጥርጣሬዬ ጨመረ። የትኛው የመንግሥት ሥራ ነው ይህን የሚያስተምር?

የቀሩት ሁለቱ ታንኮች በመንደሩ መንገድ ገቡ፣ እግረኞቼ ከኋላቸው ተጠግተው ይሄዳሉ። ድንገት ከአንድ ቤት መስኮት ተተኮሰ። ይቺን እንኳ አውቃታለሁ። ችሎታዬን ላሳያቸው ብዬ ጭስ ለቀቅኩ፣ ፊታቸውን ሳላዞር ታንኮቹን በኋላ ማርሽ አወጣኋቸው። አንድም አልተመታብኝም።

«አዩ፣ ጋሼ?» አልኩ።

ወንበሬን ከኋላ ጨብጠውታል። «ከኋላ የነበሩትስ?»

«እነማን?»

«እግረኞቹ።»

«እነሱ በራሳቸው ገለል ይላሉ። ታንኩ ሲመጣባቸው ጌሙ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው።»

«ማን ነገራቸው?»

ሳቅኩ። «ማንም መንገር የለበትም፣ ጋሼ።»

እሳቸው አልሳቁም። ወንበሬን ለቀው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ሰሜን ነበርኩ» አሉ። «የታንክ ሾፌር። በኋላ ማርሽ ውጣ ተባልኩ፣ ወጣሁ። ጭስ ነው፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ የኋላው ከእኔ ቦታ አይታይም። ልጆቹ እንደዚህ እንዳንተ ተጠግተው ነበር። ድንጋይ የወጣን መሰለኝ።»

ስክሪኑ ላይ እግረኞቼ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ትእዛዝ ይጠብቁ ነበር። ጋሼ ተነሱ። «ደብተሩን ሳይ ልትዘምት መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ብታስብ እንኳ፣ ከኋላ ማን እንዳለ ሳታይ አትንቀሳቀስ ልልህ ነው የመጣሁት።» በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ያን ቀን አፈርኩ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። በማግስቱ እትዬ ዘንድ ሄጄ «ስለ ጋሼ የነገርኩዎት ስህተት ነው፤ ሰው አይከታተሉም፣ መኪናው ሰው እንዳይገጭ ነው የሚቆሙት» አልኳቸው። እትዬ ካሮት እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ክፍል እንዲፈልጉ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ። «አርሲ ነገሌ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። አንተ አይደለህ የነገርከኝ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

«ምን አሉህ? አስፈራሩህ?»

«ኧረ እትዬ፣ ማንም አላስፈራራኝም።»

«ኢሺ» አሉና ቢላዋቸውን አነሱ። እንዳላመኑኝ አውቃለሁ። ጋሼን ለማዳን የተናገርኩት ሁሉ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ሆነባቸው። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

በሄዱበት ጠዋት አልጋቸውና ሁለት ሻንጣ አይሱዙው ላይ ተጫነ። ሾፌሩ እህል ሊጭን ወደ ነገሌ ስለሚሄድ በዚያው ያደርሳቸዋል። ጋቢና ከገቡ በኋላ ወደ መስኮታቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ለእትዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያን ቀን ደብተሩን ስትቀበለኝ ፊትህን አይቻለሁ።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል ሳልጨርስ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። የኋላ ማርሹ ሲገባ ጋሼ በሩን ከፍተው ወረዱ። እኔን አልፈው፣ የብረቱን በር ወጥተው፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አይተው ከመኪናው ኋላ ቆሙ። «ና» አሉ፤ «ና፣ ና፣ ቁረጥ፣ መልስ።» የራሳቸውን አልጋ የጫነውን መኪና አስወጥተው ሲጨርሱ ጎኑን በመዳፋቸው ሁለቴ መቱና ተመልሰው ተሳፈሩ። ደህና ሁን አላሉኝም።

አሁን በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል የባንክ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ገብታለች። ጠዋት የአይሱዙው ሞተር ሲነሳ እኔ እወጣለሁ። መንገዱን ግራና ቀኝ አይቼ ከኋላ እቆማለሁ። ትናንት እጄን እያወዛወዝኩ ወደ ግቢው ስመለከት የልጅቷ መጋረጃ ትንሽ ከፈት ብሎ ነበር። እኔ ሳያት ዘጋችው። ዛሬ ጠዋት ሰላም ስላት፣ ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ እየፈለገች፣ ምን ሥራ እንደምሠራ ጠየቀችኝ።