ጫልቱ ያልቀመሰችው ዶሮ ወጥ

የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ የሚሰጠው ሽታ ዛሬም በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር፣ ደብረ ታቦር ያለው ቤታችንና ያ የገና ምሳ ይመጡብኛል።

በዚያ ዓመት ታላቅ እህቴ እመቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ተማሪ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይመርጥ ነበር፤ አብዛኛው ቤተሰብ ቅርቡን ያስመርጥ ነበር። እመቤት ግን በስተደቡብ ርቆ ያለውን አንዱን ፈልጋ፣ ለምን ስትባል ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ተደባልቆ ስለሚማርበት ነው ትል ነበር። አባታችን እህል ነጋዴ ስለነበር፣ ጤፍ ሲገዛ እጁን እስከ ጆንያው ሥር ሰዶ፣ ዘግኖ አውጥቶ፣ መዳፉ ላይ አገላብጦ ያይ ነበር፤ ለእሱ የተደባለቀ ማለት የተጭበረበረ ማለት ነበር። «እዚያ ማን እንዳረደው የማታውቂውን ሥጋ ልትበዪ ነው?» እያለ ይጠይቃት ነበር።

ገና ደረሰ። በሰፈራችን ከሩቅ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለበዓል ቤት መጥራት ተለምዶ ነበርና፣ እናቴ ጫልቱ የምትባል የአርሲ ልጅ ይዛ መጣች። ሃይማኖቷን የጠየቃት አልነበረም። ቦርሳዋን ከጉልበቷ ሳታወርድ ተቀምጣ፣ ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ጠግቤያለሁ ብላ እጇን ሰበሰበች። ጥቂት ቆይታ ወደ ጓሮ ስትወጣ እናቴ ተከትላት ሄዳ አይታ፣ ልጅቱ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ከቦርሳዋ አውጥታ እየበላች መሆኑን ለአባቴ በሹክሹክታ ነገረችው። ጫልቱ ስትመለስ አባቴ ፊቱ ጠቁሮ ጠበቃት።

«ልጄ፣ እኛ ቤት መርዝ ያለ መሰለሽ?»

«አይደለም አባባ። ሙስሊም ነኝ። ካወቁ በሩን ይዘጉብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። አባቴ ሲሸኙኝ፣ ማን እንዳረደው ሳታውቂ እንዳትቀምሺ ብለውኛል።»

እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ «እኔ አንተ አንድ ብቻ መስለኸኝ፣ አርሲም እንዳንተ ያለ አባት አለ ለካ» አለችው። አባቴ አልሳቀም። ጫልቱ ከሄደች በኋላም፣ እውነቷን ይሁን አይሁን ሲያሰላስል ሰነበተ።

ለፋሲካ ግን ራሱ አስጠራት። አንዱን ዶሮ ለይቶ በክንፉ ይዞ፣ ሙስሊም ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ዘንድ ወስዶ አሳረደ፤ በሌላ ድስት ተሠርቶ ሲቀርብላት፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስክትውጥ ድረስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

ክረምት ገብቶ የእመቤት ውጤት መጣ። መምረጫው ቀን ሲቃረብ አባቴ አጠገቡ አስቀምጧት፣ «እዚያ አገር ላንቺ ዶሮ ይዞ ጎረቤት የሚሄድ ሰው ይኖራል?» አላት።

እመቤት «አላውቅም አባዬ» አለችው።

አባቴ እህሉን የሚያሞግስ ነጋዴ አምኖ አያውቅም ነበርና፣ ይኖራል ብትለው ኖሮ ይከለክላት የነበረ ይመስለኛል። «እንግዲያው የምትፈልጊውን አስቀድሚው» ብሏት ተነሣ። ሄደች፤ ተምራም ተመረቀች።

አሁን እኔ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ትምህርት ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አብሯቸው ስለሚቀመጠው ሰውም እንዲያስቡ ነጥብ በነጥብ አስረዳለሁ። ወላጆቻቸውም ይመጣሉ። ያኔ አባቴን እንቅልፍ የነሳው ልጄ ከማን ጋር ምን ትበላለች የሚለው ነበር፤ እነሱ ግን ጉዞው አስጊ ሆኗልና፣ የሚጠይቁኝ ልጃቸው በየትኛው መንገድ በሰላም አልፋ፣ በየትኛው እንደምትመለስ ነው። ማስረዳት የምወደው እኔ፣ ወንበር ስቤ አስቀምጣቸውና፣ እንደ እመቤት «አላውቅም» እላቸዋለሁ።